ደረቅ ቤት

በከተማችን ልብስ ቤት ውስጥ አይሰጣም። በክረምት ጓሮ ያሰጣነው ሳይደርቅ ከቀረ በርጥቡ ለብሰነው፣ በላያችን ላይ እስኪደርቅ በረንዳ ላይ እንቆያለን። ምግብ የሚበስለው ከቤቱ ተነጥሎ በቆመ ማድ ቤት ነው። ወጡ በረድ ብሎ እንፋሎቱ ሲጠፋ ነው ወደ ቤት የሚገባው፤ ልጆቻችን ትኩስ ወጥ የሚያውቁት ሰርግ ቤት ነው። ጸጉሯን የታጠበች ሴት ሳይደርቅላት ደጃፍ አታልፍም። ዝናብ የመታው እንግዳ ኮቱን አውልቆ፣ ጫማውን አራግፎ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ ነው «ቤቶች» የሚለው።

«እንባችሁንም በረንዳ ላይ ጨርሳችሁ ግቡ የሚሉበት ቀን ይመጣል» ይሉ ነበር ጎረቤቴ እማማ ሜላት። ሲቀልዱ ነው።

እኔ ይህን ደንብ አንድም ቀን አላጓደልኩም። እኔ የምፈራ ሴት ነኝ። ልጄ ምዕራፍ ከተወለደች ጀምሮ ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ አስቀድሜ አስባለሁ፤ ያሰብኩት ነገር አይመጣም የሚል እምነት አለኝ መሰለኝ። መኪና፣ ክፍት ጉድጓድ፣ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ያልታሰረ ውሻ፣ ጉሮሮ ላይ የተሰነቀረ ሽምብራ። ባለቤቴ ያፌት «ሄራን ገነት ብትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው መውጫው በየት ነው ብላ ነው» እያለ ይስቅብኛል። ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ግን ነፋስ ነው። በዚህስ ብቻዬን አይደለሁም። የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ነፋስ ይፈራል።

ቀፎው ያለው መኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ነው፤ ከወለሉ ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ፣ ከምዕራፍ ራስጌ ጎን። በየቤቱ የገጠመው ድርጅት ያወጣለት ረጅም ስም አለው። እኛ ግን ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን አይተን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀፎ አልነው፤ ሲሞላ አውጥተው በባዶ የሚተኩትን ሠራተኞች ደግሞ ቆራጮች። ቀፎው ሰው ተንፍሶ ያወጣውን ካርቦን ይውጣል። ቀጭን አየር ግን አይወድም። ቤቱ ታፍኖ አየሩ እስኪወፍር ይጠብቃል፤ መብላት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መስኮቶቻችን አይከፈቱም፣ በሮቻችን ዙሪያቸውን ወፍራም ጎማ አላቸው። ጠዋት ጠዋት ሁላችንንም ራሳችንን ያመናል፤ ሻሽ አጥብቀን አስረን እንነሳለን። ትምህርት ቤት የሚጀመረው ረፋድ ላይ ነው። ችሎት ከቀትር በፊት አይሰየምም። ጠዋት ለተነገረ ክፉ ቃል ማንም ቂም አይዝም። ይህ ሁሉ ተለምዷል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሜዳው ላይ፣ ቤት የሚያካክሉ ማራገቢያዎች ተደርድረው ነበር። ያፌት የሚሠራው እነሱ ላይ ነበር። የሰማዩን አየር እየሳቡ በውስጡ ያለውን ካርቦን ይለቅማሉ፤ የለቀሙትን ለመልቀቅ ደግሞ እንደ ምድጃ መጋል አለባቸው። ደጅ ያለው አየር ካርቦኑ ጥቂት ነው። «አንድ ጭብጥ ጤፍ ለማግኘት አንድ አውድማ ገለባ እንደ ማዝራት ነው» ብሎ ነበር ያፌት ያስረዳኝ። ያን ሁሉ ገለባ ለማዝራት የከተማው መብራት አልበቃ አለ። ወፍጮ ቤቱ ቆመ። ማምሻውን በጨለማ ተቀምጠን የማራገቢያዎቹን ጉምጉምታ እንሰማ ነበር።

ከዚያ ድርጅቱ አሻሻለ። ገለባ ከማዝራት ፍሬው ወዳለበት መሄድ ይቀላል ተባለ፤ ፍሬው ያለው ሰው በተኛበት ክፍል ነው። እሳቱም ቀረ። አዲሱ ቀፎ በደረቁ ይውጣል፣ ሲረጥብ ይተፋል፤ ፋብሪካ ወስደው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲነክሩት የዋጠውን ሁሉ ይለቃል። ማራገቢያዎቹ ቆሙ። መብራት መጣ፣ መጥቶም አልሄደም። ወፍጮው የተነሳ ቀን ሴቶች እልል ብለዋል። እኔም ብያለሁ።

ለምን በእኛ ከተማ ተጀመረ ለሚለው የሚወራ ነገር አለ። ጥናቱን ያጠኑት ሰዎች ከአዲስ አበባ የመጡት በሚኒባስ ነው ይባላል። ሚኒባሱ ጢም ብሎ፣ ሰው በላብ ተጠምቆ፣ ከኋላ አንዱ መስኮቱን ገርበብ ቢያደርግ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ «ዝጋው እንጂ ወንድም፣ ልታስመታን ነው እንዴ» አለው። አጥኚዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። መስኮታችን በጎማ ሲታሸግ ግን ከእኛ ሰፈር ያጉረመረመ ሰው የለም። እማማ ሜላትማ ሠራተኞቹን መርቀዋል። «ስንት ዘመን በጨርቅ ስወትፈው ኖርኩ» አሉ።

ቤቱን ደረቅና ዝግ አድርጎ ለያዘ ሰው በሩ ላይ አረንጓዴ ሰሌዳ ይለጠፍለታል። «ደረቅ ቤት» ይላል። ሰሌዳው የተነሳበት ቤት መብራት የሚያገኘው ተራ ሲደርሰው ነው። ቀፎውን እርጥበት እንዳይነካው ሲያስጠነቅቁን ምክንያቱንም ነግረውናል፤ እርጥበት ምርት ይቀንሳል። የነገሩን ይህን ነው። ሲረጥብ እንደሚተፋ ደግሞ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ማወቃችን ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ።

ማራገቢያዎቹ ሲቆሙ ያፌትን ወደ አፋር ላኩት፤ የተሰበሰበውን ጋዝ ዓለት ውስጥ ወደሚቀብሩበት ቦታ። በስልክ ነው የምንገናኘው። ድርጅቱ በየጊዜው ማሻሻሉን አላቆመም። መጀመሪያ ቆራጮች በየጠዋቱ ይመጡ ነበር። ቀፎው ሲወፍር በየቅዳሜው ሆነ። ባለፈው ዓመት ደግሞ በወር አንዴ ብቻ እንደሚመጡ ተነገረን።

«ለመኪናው የሚጠፋው ኃይል ይተርፋል» አለኝ ያፌት። «ትልቅ መሻሻል እኮ ነው።»

«ወሩን ሙሉ የተከማቸው የት ነው የሚቆየው?»

«ቀፎው ውስጥ ነዋ።»

«ከእኛ ጋር ነው የሚያድረው ማለት ነው።»

«ሄራን ደግሞ። ምን ያደርግሻል፣ ይናከሳል? ደረቅ እስከሆነ ድረስ ድንጋይ ማለት ነው።»

«ደረቅ ካልሆነስ?»

«አንቺ ቤት? አንቺ እኮ ሰላጣ እንኳን በፎጣ አድርቀሽ ነው የምታቀርቢው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ምዕራፍ ጉንፋን ይዟት የመጣችው ቆራጮች ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ነው። ሁለተኛ ክፍል ነበረች። አፍንጫዋ ተደፍኖ፣ በአፏ እየተነፈሰች፣ ቦርሳዋን እየጎተተች ገባች። ሌላ እናት ብትሆን ጉንፋን ነው ብላ ታልፈዋለች። የእህቴ ልጅ ግን የሞተው ከጉንፋን በተነሳ የሳንባ ምች ነው። ስለዚህ ለእኔ ጉንፋን ትንሽ በሽታ ሆኖ አያውቅም። ግንባሯን ዳሰስኩ፣ ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ።

እማማ ሜላት በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ነበር። ባላቸው ከሞቱ፣ ልጆቻቸው ከራቁ በኋላ ከሰዓት በኋላቸውን የሚያሳልፉት እኔ ዘንድ ነው።

«ምን ሰማሽ?» አሉኝ። «ሬዲዮ ይዟል?»

«ሲር ሲር ይላል እማማ።»

«አፍንጫዋ ነዋ ሲር ሲር የሚለው። ባህር ዛፍ አፍይና አጥኛት፤ ዳማከሴም ጣል አድርጊበት። ነገ ስትዘፍን ትሰሚያታለሽ።»

«እንፋሎት እኮ ነው።»

«አውቃለሁ እንፋሎት እንደሆነ። አንቺን ራስሽን እናትሽ በስንት እንፋሎት ነው ያሳደገችሽ።»

በረንዳው ላይ ላጥናት ብል ነፋሱ አለ። በዚያ ሰዓት ከሜዳው የሚነሳው ነፋስ ልብስ ከገመድ ላይ ይነጥቃል። ማድ ቤቱ በቆርቆሮዎቹ መካከል ያፏጫል። ልጅ ታጥኖ ወዝቶ ነፋስ ካገኘው ምን እንደሚሆን የማያውቅ እናት በእኛ አገር የለም። ነፋስ የማይገባበት ክፍል አንድ ብቻ ነው ያለኝ።

ቆሜ ሁለቱን ፍርሃቶች መዘንኩ። በአንዱ በኩል የሳንባ ምች ነበር። በሌላው በኩል የነበረው ሰሌዳው ነው።

መኝታ ቤት ገብቼ ነጭ ነጠላዬን አራት አጥፌ ቀፎው ላይ አለበስኩት፤ ጠርዙን በሚስማር አያያዝኩ። እርጥበት እንዳይነካው ብዬ ነው። እማማ ሜላት በሩ ላይ ቆመው አዩኝ።

«አሁንስ ሙሽራ አስመሰልሽው» አሉ። «ያፌት ቢያይ ይቀናል።»

ድስቱን ከማድ ቤት አምጥቼ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። ምዕራፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጎንበስ አለች። እማማ ሜላትም ከጎኗ ቁጭ ብለው ብርድ ልብሱን በሁለቱም ራስ ላይ ጣሉት። ከላይ የሚታየኝ አንድ ጉብታ ብቻ ሆነ።

«እማማ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ» ትላለች ምዕራፍ።

«ዓይንሽ ማን ጠራው? የተጋበዘው አፍንጫሽ ነው። ጨፍኚውና ሳቢ።»

«ይሸታል።»

«ይሽተት። እኔ ልጅ እያለሁ አያቴ ስታጥነኝ ከብርድ ልብሱ አምልጬ ጣራ ላይ ወጥቼ ነበር። ለመውረድ አራት ጎረቤት ፈጀሁ።»

«ለምን አራት?»

«ወፍራም ነበርኩ።»

ልጄ በተደፈነ አፍንጫዋ ስትስቅ ሰማሁ። ያንን ሳቅ እንደ ቀድሞው ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

ድስቱ ቶሎ እንዳይበርድባቸው ሁለተኛ ላፈላ ወጣሁ። በሩን ከኋላዬ በደንብ ዘጋሁት፤ ጎማው እስኪገጥም በትከሻዬ ገፋሁት። ማድ ቤት እንጨቱ እርጥብ ሆኖ አስቸገረኝ። እፍ እያልኩ፣ እየተናደድኩ፣ ጢሱ ዓይኔን እየለበለበኝ ቆየሁ። ሲፈላ ድስቱን በጨርቅ ይዤ ተመለስኩ።

መጀመሪያ ያየሁት መስኮቱን ነው። መስታወቱ በውስጥ በኩል በላብ ተሸፍኖ ነበር፤ ጠብታዎች መንገድ እየሠሩ ይወርዳሉ። በከተማችን እንፋሎት የያዘው መስታወት ካየሁ ዓመታት አልፈዋል። ልጅ እያለሁ በጣቴ ስሜን የምጽፍበት ትዝ አለኝ። ቀጥሎ ትዝ ያለኝ ሰሌዳው ነው። ልጄን አላሰብኩም፤ ልጄ ሞቅ ባለ ቤት ውስጥ ናት።

እጄ ስለተያዘ በሩን በእግሬ መታሁ።

«እማማ፣ ይክፈቱልኝማ።»

ደግሜ መታሁት። ድስቱን አስቀምጬ ራሴ ከፈትኩት። የወጣው አየር እንደ አምቦ ውሃ አፍንጫዬን ወጋኝ። ጉብታው አጎንብሷል። ብርድ ልብሱን ስገፈው እማማ ሜላት ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል፣ ምዕራፍ እግራቸው ላይ ተደፍታለች። ከበላያቸው ነጠላዬ ውሃ ጠጥቶ፣ ቀፎው ላይ ተለጥፎ ይንጠባጠባል።

ልጄን በብብቷ ይዤ ጎተትኳት። ሳንባዬ አየር እየሳበ አየር አያገኝም፤ ስንት ጊዜ ብተነፍስ ያልተነፈስኩ ያህል ነበር። ደጃፉ ላይ ወደቅሁ፣ በደረቴ እየተሳብኩ በረንዳ ላይ አወጣኋት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ነፋሱ ፊቷ ላይ ጸጉሯን ይበትነዋል።

እማማ ሜላት ውስጥ ነበሩ። ከበሩ ይታዩኛል። ማድ ቤት ሮጬ ዘነዘና አመጣሁና መስኮቱን ከውጭ መታሁት። ሁለተኛ ስመታው ተሰበረ። ያ ስንት ዘመን የምንሸሸው ነፋስ እያፏጨ ገባ። ከዚያ ወደ ውስጥ መግባት ነበረብኝ። ምዕራፍ ግን አትተነፍስም፣ ወይም የምትተነፍስ አልመሰለኝም፤ እሷን ትቼ መሄድ አልቻልኩም። አፏ ላይ እፍ አልኩ፣ ጀርባዋን መታሁ፣ በስሟ ጠራኋት። እማማ ሜላትን ያወጧቸው ጩኸቴን ሰምተው የመጡ ጎረቤቶች ናቸው። ሲያወጧቸው ፊታቸው ቀልቶ፣ አፋቸው ፈገግ ብሎ፣ ተረት ጀምረው ያቋረጡ ይመስሉ ነበር። ልጄ አስመለሳት፤ ከዚያ አለቀሰች። እሳቸው ምንም አላሉም።

የእማማ ሜላት ቤት ደረቅ ቤት ስለነበር የተለቀሰው ደጅ ነው። ለቀስተኛው በረንዳው ላይ አልቅሶ፣ ዓይኑን ጠርጎ ይገባል። ቀልዳቸውን ያስታወሰ ሌላ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ አስታውሼ ዓይኔን ጠርጌ ገባሁ።

ያፌት ለቀብር መጥቶ ነበር። ምዕራፍን ታቅፎ ተቀምጦ ነው ያነጋገረኝ።

«ውሃ እንደሚያስተፋው ታውቅ ነበር» አልኩት።

«ሁሉም ሰው ያውቃል።»

«ሰው እንደሚገድል ለምን አልነገርከኝም?»

«ደረቅ ይሁን ብዬሻለሁ እኮ።»

«ለምርቱ ነው ያልከኝ።»

«ለእኛም የነገሩን እንደዚያ ብለው ነው» አለ። በሦስተኛው ቀን ወደ አፋር ተመለሰ።

የድርጅቱ ተቆጣጣሪ ስትመጣ ልታሰር እንደሆነ አስቤ የምዕራፍን ልብሶች በጥቅል አዘጋጅቼ ነበር፤ ለእህቴ እንድትሰጥልኝ። ኬብሮን የምትባል ወጣት ናት፤ ትሑት፣ ድምጿ ዝግ ያለ። በረንዳ ላይ ጫማዋን አራገፈች።

«ነፍስ ይማር ወይዘሮ ሄራን። ትንሽዋ እንዴት ናት?»

«ትተኛለች።»

«እግዜር ይማራት። ውሃው ምን ያህል ነበር?»

«አንድ ድስት። ሁለተኛው ደጅ ቀርቷል።»

«አንድ ድስት ብቻ? እርግጠኛ ነዎት?»

ድስቱን አሳየኋት። አገላብጣ አየችው። ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ ቀፎው ፊት ተንበረከከች።

«በምን ሸፍነውት ነበር?»

«በነጠላ። እርጥበት እንዳይነካው ብዬ።»

ነጠላው እንደታጠፈ ጓሮ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው፣ እጥፉን ቆጠረች፣ ልትወስደው እንደምትችል ጠየቀችኝ። ውሰጂው አልኳት።

«እታሰራለሁ?»

«ለምን ይታሰራሉ?» አለች፤ ከልቧ ገርሟት ነበር። «ቀፎው ባዶ ነው፣ ወይዘሮ ሄራን። ጭራሽ ባዶ። የወር ትንፋሽ በአንድ ድስት ውሃ ወጥቷል። እኛ ፋብሪካ ውስጥ በገንዳ ውሃ እየነከርን ግማሽ ቀን ነው የሚፈጅብን፤ ያውም ሳይጨርስ።»

አልተደሰተችም፣ አላዘነችምም። ባነሰ እንጨት ወጥ የበሰለላት ሴት ትመስል ነበር።

መስታወቱን በዚያው ቀን ተኩልኝ። አዲሱ ወፍራም ነው፤ በዘነዘና አይሰበርም አሉኝ። አዲስ ቀፎም አስገቡ። ሰሌዳውን ግን አላነሱትም። ሠራተኛው ሲወጣ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎልኝ ሄደ።

ምዕራፍ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ቃል እየጠፋት በዓረፍተ ነገር መካከል ትቆማለች። «እማዬ፣ ያንን... ያንን...» ትልና ትተወዋለች። የጫማዋን ማሰሪያ መቋጠር ረስታ እንደገና አስተማርኳት። መምህሯን ሳነጋግራት «ጠዋት ከሌሎቹ አትለይም፤ ሁሉም እንደዚያው ናቸው» አለችኝ። «ከሰዓት በኋላ ነው የሚታወቅባት።»

መስቀል ካለፈ በኋላ ሠራተኞች እየዞሩ በየቤቱ ቀፎ ሥር ትንሽ የውሃ ማፍያ ገጠሙ። ከማፍያዋ በላይ አራት የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አለ፤ ከቀፎው ጀርባ ወደ ውጭ የሚወጣ ቀጭን ቧንቧ። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ማፍያዋ በራሷ ትፈላለች፣ ጨርቁ ይረጥባል፣ ቀፎው ይተፋል፣ ቧንቧው የተተፋውን ይስባል። ቆራጮች ቀሩ፣ መኪና ቀረ፣ ገንዳው ቀረ። ያፌት በስልክ ስንት እጅ ኃይል እንደቆጠበ ሊነግረኝ ጀምሮ አቆመ። ቧንቧው ሁሉንም አይስብም፤ ጥቂት ይተርፈዋል። ስለዚህ ማፍያዋ ማፏጨት ስትጀምር ሰው ሁሉ ወጥቶ ፉጨቷ እስኪያቆም ደጅ እንዲቆይ ተነገረን።

ከተማው ለማፍያዋ ስም ለማውጣት አልዘገየም። ሜላት ይሏታል። እማማ የሚለው ቀረ። ስታፏጭ ልጆች «ሜላት ፈላች» እያሉ ይሮጣሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች ግቢው ሁሉ በሰው ተሞልቶ፣ በብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ እየተሳሳቀ ይቆም ነበር።

ከዚያ የኅዳር ውርጭ መጣ። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ከሞቀ አልጋ ተነስቶ በዚያ ነፋስ ውስጥ መቆም ማንን ደስ ይለዋል። አንዱ ቤት መውጣት ተወ፣ ሌላው ተከተለው። የሚተፋው ነገር ከባድ ስለሆነ ወለሉ ላይ ነው የሚተኛው፣ አልጋ ላይ ከቆሙ ችግር የለውም ተባለ። ይህን ድርጅቱ አላለም። አልከለከለምም።

ባለፈው ቅዳሜ ሜላት ስታፏጭ ምዕራፍ አልጋዋ ላይ ነበረች። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችው።

«እማዬ፣ ብርድ ነው። አልጋው ላይ እንቁም።»

«ነይ።»

«ሁሉም እኮ... ሁሉም...»

አልጨረሰችውም። በጋቢ ጠቅልዬ አቀፍኳት። ከብዳኛለች፤ ስምንት ዓመቷ ነው። ግቢ ወጣሁ። ነፋሱ ከሜዳው፣ የቆሙት ማራገቢያዎች ካሉበት በኩል ይመጣል፤ አንዳንዴ ክንፋቸውን እንዲያው በከንቱ ያዞረዋል።

ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። በየመስኮቱ ሰዎች ይታዩኛል። ላብ ካለበሰው መስታወት በስተኋላ ቤተሰቦች ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው አልጋቸው ላይ ቆመዋል፤ ራሳቸው ጣራውን ሊነካ ደርሷል። አባቶች ትንንሾቹን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ይዘዋል። ፉጨቷ ከሁሉም ቤት በአንድ ላይ ይሰማል።

ከፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ አየችኝ። አራስ ልጇን በአንድ እጇ ከራሷ በላይ ይዛ፣ በሌላው መስታወቱን አንኳኳች። የምትለው አይሰማም፣ እጇ ግን ይናገራል። ወደ ምዕራፍ ትጠቁማለች፤ ወደ ቤቴ ትጠቁማለች። አስገቢያት፣ ነፋስ ሊመታብሽ ነው ትለኛለች። ፊቷ ላይ እውነተኛ ጭንቀት ነበር። እኔም ድሮ በእሷ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

«እማዬ፣ ሰዎቹ ለምን አልጋ ላይ ቆሙ?»

«ብርድ ፈርተው።»

«እኛስ?»

ጋቢውን ከፊቷ ላይ ገለጥኩት። ጥርሷ እርስ በርሱ እየተጋጨ ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ ቶሎ ቶሎ፣ ሳያቋርጥ። ጆሮዬን አፏ አጠገብ አደረግሁ። ይህ ድምፅ እስካለ ድረስ አየር እየገባት ነው። ፉጨቷ እስኪያቆም እሱን እያዳመጥኩ ቆምኩ።